የገጽ አምስት ጀርባ

ውድ ወይዘሮ አርሊስ፤

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎ ሰኞ ዕለት ደረሰኝ። ፖስታውን ስከፍተው መጀመሪያ ቼኩ ወደቀ፤ ያ እኛው የላክንልዎ የመቶ ሃምሳ ዶላር ቼክ፣ ሳይመነዘር፣ ሁለት ቦታ ታጥፎ። «እንደ አንቺ ያለችን ደግ ሴት ዋሽቼ ያገኘሁትን ገንዘብ እጄ አልነካም አለ» ብለው ጽፈዋል። በስልክ ከዋሹኝ ቀን ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከባልዎ ከቨርሊን ጋር ይቀመጡበት የነበረውን ቦታ ትተው መጨረሻው ወንበር ላይ እንደሚቀመጡም ነግረውኛል። እናንተ የሰሜን ሚኒሶታ ሉተራኖች መጨረሻውን ወንበር ተሻምታችሁ እንደምትይዙ ስለማውቅ፣ ለንስሐዎ ቦታ ለማግኘት ስንት ሰዓት ከቤት እንደሚወጡ አስቤ ትንሽ ሳቅሁ። ከዚያ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ።

ይህን የምጽፍልዎ ከቤቴ ሆኜ፣ በራሴ ወረቀት፣ በራሴ ቴምብር ነው። መሥሪያ ቤቴ አያውቅም፤ ቢያውቅም አይወደውም። ግን እርስዎ እኔን ዋሽተው ማፈርዎን እያወቅሁ ዝም ብል ግፍ ይሆንብኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ እውነት ግን ራሴ ካላወጣኋት በራሷ የምትጠራ አይደለችም።

ሥራዬን ያውቁታል፤ የሚያውቁት ግን ከእርስዎ በኩል ያለውን ብቻ ነው። ከእርስዎ በኩል ነገሩ ቀላል ነው። ሰው በክሬዲት ካርዱ ዕቃ ይገዛል። ዕቃው በዘጠና ቀን ውስጥ ቢሰረቅ ወይም ቢሰበር፣ ወይም በስልሳ ቀን ውስጥ ዋጋው ቢቀንስ፣ ቅጽ ይሞላል፣ ደረሰኝ ያያይዛል፣ ወደ ኦማሃ መሥሪያ ቤታችን ይልካል፣ እኛም ዋጋውን ወይም ልዩነቱን እንከፍላለን። ከእኔ በኩል ሲታይ ደግሞ በየማለዳው አርባ ፖስታ ጠረጴዛዬ ላይ ይቆለላል፤ በእያንዳንዱ ፖስታ ውስጥ ምናልባት የሚዋሽ ሰው አለ። በሦስት ወር ውስጥ አንድ ካሜራ ሦስት ጊዜ የተሰረቀበት ሰው አጋጥሞኛል። ውሻዬ ቀለበቴን በላብኝ ያለች ሴትም ነበረች። ቀለበት የሚበላ ውሻ ሞልቷል፤ እሷ ግን ውሻ አልነበራትም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስኖር ሰውን ማመን ከእኔ እየሸሸ ሄደ። አለቃዬ ድዋይት በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት «ሮንዳ፣ ሰው የሚዋሸው በወረቀቱ ፊት ነው፤ እውነቱ ያለው ጀርባው ላይ ነው። ሁልጊዜ ገልብጪ» ብሎኝ ነበር። ገለበጥኩ። እስከ ዛሬ ምግብ ቤት ገብቼ የምግብ ዝርዝር ሲሰጡኝ እንኳ መጀመሪያ ጀርባውን ነው የማየው።

የማፍርበት ነገር የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት በወሩ ብዙ አጭበርባሪ የያዘ ሠራተኛ ሽልማት አለው። ገንዘብ አይደለም። በሩ አጠገብ፣ ጣሪያ ያለው አንድ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ነው፤ ለአንድ ወር። ይህን ለሌላ አገር ሰው ብነግረው ይስቅብኛል፤ እርስዎ ግን በጃንዋሪ ማለዳ የመኪና መስታወት በረዶ መፋቅ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። የእኛ ሜዳ ሰፊ ነው፤ ነፋሱ ከሜዳው ማዶ ተነስቶ አንገት ውስጥ ይገባል። ዲሴምበር ላይ ከአንደኛው የማንሰው በአንድ ሰው ብቻ ነበር። ደንቡ ደግሞ እንዲህ ነው፤ ወረቀቱ ሐሰት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ሰውየው በገዛ ድምፁ፣ እየተቀዳ፣ ሐሰቱን መድገም አለበት። ያኔ ነው «አንድ» ተብሎ የሚቆጠረው።

የእርስዎ ዶሴ የመጣው በዚያ ሳምንት ነበር።

ቆንጆ ዶሴ ነበር። ቨርሊን በኦክቶበር 12 የበረዶ መጥረጊያ ማሽን በስምንት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዶላር ገዝቷል፤ ደረሰኙ ቀለሙ እንዳይጠፋ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ አብሮ ታስሯል። ያው ማሽን በኖቬምበር 17 ጋዜጣ ላይ በሰባት መቶ አርባ ዘጠኝ ወጥቷል። ከሁሉ ያስደነቀኝ ጋዜጣው ነው። ቅጻችን ተራ ቁጥር አራት ላይ «ማስታወቂያውን ቆርጠው አይላኩ፤ የጋዜጣው ስምና ቀን የሚታይበትን ሙሉ ገጽ ይላኩ» ይላል። ማንም አያነበውም። ሁሉም በመቀስ ሥዕሉን ዙሪያውን ቆርጦ፣ አንዳንዱ ኮከብ አስመስሎ ይልክልኛል። እርስዎ ግን ሙሉውን ገጽ አምስትን፣ ጠርዙ እንኳ ሳይቀደድ፣ በአራት አጥፈው ልከዋል። እንዲህ ያለ ሰው ካየሁ ስንት ዓመቴ አልኩ።

ከዚያ እንደ ልማዴ ገለበጥኩት።

ጀርባው ላይ ባለው ፎቶ ቨርሊን ኮፍያ አድርጎ፣ ትልቅ ዓሣ ይዞ፣ ፀሐይ ዓይኑን እየወጋው ይስቃል። ከሥሩ ስሙ አለ፣ ዕድሜው ሰባ አራት፣ ኖቬምበር 11 ማረፉ፣ አርባ ሁለት ዓመት አብራው የኖረች ሚስቱ አርሊስ፣ አንዲት ሴት ልጁ። ቅጹን አየሁ። «ቨርሊን ቶሌፍሰን» የሚለው ፊርማ ሥር የተጻፈው ቀን ኖቬምበር 21 ነው። ከሞተ በአሥረኛው ቀን የፈረመ ሰው።

ደስ አለኝ፣ ወይዘሮ አርሊስ። ይህችን ቃል ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጫለሁ፤ ግን ደስ አለኝ። ያ ጣሪያ ያለው ቦታ ነው የታየኝ። ስልክ ከመደወሌ በፊት አጭበርባሪ የሚጠቆምበትን ቀዩን ወረቀት ሞልቼ ድዋይት ጠረጴዛ ላይ ያለው የወረቀት ትሪ ውስጥ ከተትኩት። ቀዩ ወረቀት በየሳምንቱ ዓርብ ማምሻውን ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ማንም አይመልሰውም። ካርዱ ይዘጋል፣ የሰውየው ስም አበዳሪዎች ሁሉ የሚያዩት መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ አንዳንዴም ጉዳዩ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይደርሳል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው የደወልኩልዎ። ልጠይቅዎ አልነበረም፤ መልሱን አውቀዋለሁ። በገዛ አፍዎ እንዲሉልኝ ነበር።

«ወይዘሮ ቶሌፍሰን፣ ከኦማሃ ነው የምደውለው፤ ስለ በረዶ መጥረጊያው። ንግግራችን ይቀዳል፤ ይፈቅዳሉ?»

«ቅጂው የኔ ልጅ፣ ቅጂው። እኛ ቤት የሚደበቅ ነገር የለም።»

«አቶ ቨርሊንን ማነጋገር ፈልጌ ነበር።»

ከዚያ «ቨርሊን ቁርሱን እየበላ ነው» አሉኝ።

«ችግር የለም፣ እጠብቃለሁ።»

«አይ፣ እሱ ሲበላ ቀስ ብሎ ነው። እንቁላሉን መጀመሪያ ዳር ዳሩን ይጨርሳል፤ አስኳሉን ለመጨረሻ ነው የሚያስቀምጠው። ጦር ቢመጣ አይቸኩልም።»

«ከቁርስ በኋላስ?»

«ከቁርስ በኋላማ ጋራዥ ነው።»

«ስልኩን ጋራዥ ይወስዱላቸዋላ።»

«ገመዱ አይደርስም።»

«ስልክዎ እስካሁን ባለ ገመድ ነው?»

«ቨርሊን ገመድ የሌለው ስልክ አያምንም። ወሬው በየት በኩል እንደሚሄድ ካላየሁ አልናገርም ይላል።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ግን አንድ ጊዜ ጀምረውታልና፣ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብለው ቀጠሉ። እኔም ቀጠልኩ። «ፊርማው የአቶ ቨርሊን ነው?» ስልዎ «የሱ ነው» አሉ። ወረቀቴ ላይ ጭረት አደረግሁ። ይኸው ተያዘች፣ አልኩ በሆዴ። ሁለተኛ ጭረት ለመጨመር ብዬ «አሁን እዚያው አጠገብዎ ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እዚሁ ከፊቴ ነው። ሰላም ብሎሻል።»

ከዚያ አፍዎን ከስልኩ ዞር አድርገው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቨርሊን፣ ከኦማሃ ነው፤ ስለ ማሽኑ» አሉ። ዝምም አሉ። መልስ ጠበቁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ውሸታም ሰምቻለሁ፣ ወይዘሮ አርሊስ። የሚያለቅስ ሰምቻለሁ፣ የሚሳደብ ሰምቻለሁ፣ በእናቱ መቃብር የሚምል ሰምቻለሁ። መልስ የሚጠብቅ ግን ሰምቼ አላውቅም። ውሸታም ወዲያው ወደ ስልኩ ይመለሳል። እርስዎ አልተመለሱም። ምን ያህል እንደቆዩ ቅጂው ላይ አይቼዋለሁ፤ አሥራ አንድ ሴኮንድ ነው። እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አብሬዎ መጠበቅ ጀመርኩ።

ስልካችን ላይ ቅጂውን ለጊዜው የሚያቆም ቁልፍ አለ። ሰዎች የካርድ ቁጥራቸውን ሲነግሩን ብቻ ነው እንድንነካው የተፈቀደልን። ነካሁት።

«ወይዘሮ ቶሌፍሰን፣ አሁን አይቀዳም» አልኩዎ። «ያ የላኩልን ገጽ አምስት፣ ጀርባ አለው።»

ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። ልጅዎ የዚያን ሳምንት ጋዜጣ አሥር ቅጂ ገዝታ እንደነበር በኋላ ነግረውኛል።

«ስድስት ነው?» አሉኝ።

«ስድስት ነው።»

«ወይኔ ልጄ!» አሉ። «እኔ ጋዜጣችንን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነው የማነበው። የዚያን ሳምንት ግን ስድስተኛውን ገጽ መግለጥ አቃተኝ። ፎቶው እንደወጣ አውቃለሁ፤ ልጄ ናት የሰጠቻቸው። አምስት ላይ ስደርስ ቆምኩ። አምስት ላይ ደግሞ ማሽኑ ቁጭ ብሏል፤ ሰባት መቶ አርባ ዘጠኝ! ቨርሊን የገዛ ዕለት ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ታያለሽ፣ ከምስጋና ቀን በዓል በፊት ዋጋውን ይጥሉታል፤ ዓይንሽን ከጋዜጣው ላይ እንዳትነቅይ።› አየሽ? ትክክል ነበር። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ‹አላልኩሽም?› ሲለኝ አንጀቴ እያረረ ነው የኖርኩት። አሁን ትክክል ሆኖ ማን ይበለኝ?»

መጽናኛ የሚባል ነገር በእኛ የመልስ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለ ፊርማው ብቻ ጠየቅሁ።

«እጁን ቁርጥማት ከያዘው ሦስት ዓመት ሆነው፤ እኔው ነኝ የምፈርምለት። የመብራቱን ቼክ፣ የቤተ ክርስቲያኑን፣ ሁሉንም። ታዲያ ይህችን አንዷን ብቻ ለይቼ ልተዋት? ስድስት የአምስት ጀርባ መሆኑን ማን አሰበው! የጅል ሥራ ነው የሠራሁት።»

«በዚሁ ሒሳብ በስምዎ የወጣ ካርድ አለዎት?»

«አንድ አለ። ነክቼውም አላውቅ፤ ከመጣበት ወረቀት ላይ እንኳ አልተላቀቀም። ቨርሊን ነው ‹ምናልባት› እያለ ያስወጣልኝ።»

የዚያን ጊዜ ያልኩዎትን ማለት ክልክል ነበር። ለአመልካች ምን ብለው ይጻፉ ብሎ መምከር ከሥራ ያስባርራል። በስምዎ ካርድ ካለ መብቱ የእርስዎም ነው፣ አዲስ ቅጽ በራስዎ ስም ይሙሉ፣ እስከ ዓርብ በፋክስ እጄ ይግባ፣ «የካርዱ ባለቤት አርፏል» የምትለዋ ሣጥን ላይ ምልክት ያድርጉ አልኩዎ።

«እሷን ሣጥን ልጄ ብትሞላልኝስ?»

«የሚፈርመው ሰው ራሱ ነው መሙላት ያለበት።»

«እንግዲያው እንጃ» አሉኝ። «እሞክራለሁ። አንቺ ግን እንዴት ያለሽ ደግ ልጅ ነሽ! እግዜር ይስጥሽ።»

ያ «እግዜር ይስጥሽ» ነው ስድስት ሳምንት እንቅልፍ የነሳኝ። ያን ሲሉኝ ቀዩ ወረቀት ድዋይት ትሪ ውስጥ ነበር።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ በምሳ ሰዓት ድዋይት ዘንድ ሄድኩ። ሳንድዊቹን እየበላ ነበር።

«ያን ቀይ ወረቀት መልስልኝ።»

«የትኛውን?»

«የቶሌፍሰንን።»

«የሙቱን ሰውዬ?» ሳቀብኝ። «ሮንዳ፣ ይሄ እኮ የዓመቱ ምርጥ ነው! ቅጂውን ሰማሁት፤ ሰውየው እንቁላል እየበላ ነው አለችሽ። ሙታን እንቁላል መብላት ከጀመሩ እኛም ደሞዝ ይጨመርልን። ይልቅ አሥራ አንድ ደቂቃ ላይ ቅጂው ለምን ተቋረጠ?»

«የካርድ ቁጥር እየነገረችኝ ነበር።»

«አራት ደቂቃ ሙሉ? ስንት አኃዝ አለው ካርዷ?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እኔም አመለጠኝ። «ስማ ድዋይት» አልኩት። «ግዢው እውነት ነው። ዋጋው እውነት ነው። ጋዜጣው እውነት ነው። ሐሰት የሆነው የፈረመችው ስም ብቻ ነው፤ በራሷ ስም ብትፈርም ደግሞ ሙሉ መብቷ ነበር። ቀዩ ወረቀት ላይ የሚወጣው የሰረቀ ሰው ነው። እሷ ምን ሰረቀች?»

«ከመቼ ወዲህ ነው ለአመልካች ጠበቃ የሆንሽው?»

«ከዛሬ ጠዋት።»

ሳንድዊቹን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም እንደ እኔ ሃያ ምናምን ዓመት ጀርባ ሲገለብጥ የኖረ ነው። «ዓርብ ወደ ቤት ስሄድ ትሪውን ይዤ እወጣለሁ» አለኝ። «ከዚያ በፊት ትክክለኛ ቅጽ ካመጣሽ ቀዩን ትቀድጂዋለሽ። ካላመጣሽ እሷም ትወጣለች፤ ስለዚያች አራት ደቂቃም እንነጋገራለን።»

ረቡዕ ምንም አልመጣም። ሐሙስ ምንም። ልደውልልዎ ብዬ አራት ጊዜ ስልኩን አንስቻለሁ፤ ግን እያንዳንዱ ስልክ ይቀዳል፣ ደግሜ ቁልፏን ብነካ ደግሞ ሁለታችንም እናልቃለን። ዓርብ ከምሳ በኋላ ፋክሱ አጠገብ ሥራ ያለኝ መስዬ ቆምኩ። የሌሎች ሰዎች ቅጽ እየተገፋ ይወጣል፤ የተሰበረ ቴሌቪዥን፣ የተሰረቀ ብስክሌት። ድዋይት ካፖርቱን ለብሶ፣ ትሪውን ብብቱ ሥር አድርጎ ሲመጣ አየሁት። አጠገቤ ቆመ። ካፖርቱን ቆልፎ ጨረሰ፣ ፈታው፣ እንደገና ቆለፈው። ሊጠብቅልኝ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ የቤተ ክርስቲያናችሁ ስም አናቱ ላይ የታተመ ወረቀት መውጣት ጀመረ። አርሊስ ቶሌፍሰን፣ በራስዎ እጅ፣ በራስዎ ስም። ሣጥኗ ውስጥ ያለው ምልክት ብዕሩ በጣም ተጭኖበት በፋክስ እንኳ ጠቁሮ ይታያል። ከጎኗም፣ ማንም ሳይጠይቅዎ፣ «አዎ» ብለው ጽፈዋል። ድዋይት በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አነበበው። ቀዩን ወረቀት ከትሪው አውጥቶ ሰጠኝና «በይ ቅደጂው፤ ቀዝቃዛ ነው ውጭው» ብሎኝ ወጣ። የመኪናውን ቦታ ሌላ ሰው ወሰደው።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። በዚያ ስልክ ላይ የዋሹት እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ መጀመሪያ የዋሸሁት እኔ ነኝ። «አቶ ቨርሊንን ማነጋገር ፈልጌ ነበር» ስል የሞቱበትን ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ነበር። እርስዎ የዋሹት ባልዎ አንድ ጠዋት ተጨማሪ ቁርስ እንዲበላ ብለው ነው፤ እኔ የዋሸሁት መኪናዬን በረዶ እንዳይነካው ብዬ ነው። ከሁለታችን መጨረሻው ወንበር የሚገባው ለማን እንደሆነ ፓስተርዎ ይፍረዱ።

ቼኩን ከዚህ ጋር መልሼ ልኬዋለሁ። በስምዎ፣ በመብትዎ የወጣ ነው፤ ማንም ደግ ሰው ከኪሱ አልሰጠዎትም። የሚመነዘርበት ጊዜ እስከ ማርች መጨረሻ ነው፤ እባክዎ አያሳልፉት። እኔን ይቅር ማለት ከከበደዎት አይቸኩሉ፤ ለዚያ የጊዜ ገደብ የለውም።

ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ «የዚያን ቀን ሌላ ሰው ደውሎልኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌባ ተብዬ ነበር» ብለዋል። ወይዘሮ አርሊስ፣ የዚያን ቀን የደወለልዎ ያ ሌላው ሰው ነበር። እርስዎ ወደ ባልዎ ዞር ብለው ዝም ሲሉ ነው እኔ ስልኩን የተቀበልኩት።

አክባሪዎ፣
ሮንዳ ስታምፐር
ኦማሃ፣ ነብራስካ